አክስቴ አውፍ በይኝ ያሉኝ ቀን

በእኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የሚያውቃቸውን ሁሉ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል። የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት መቆም ያስፈራል። ተጠያቂውም ጥያቄው ሳያልቅ «አውፍ ብያለሁ፣ አላህ ይቀበልህ» ብሎ ይሸኘዋል። ለምኑ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ለጎረቤት፣ ለባሌ ዘመዶች፣ ከነጭራሹ ለማላውቃቸው አዛውንት ሁሉ ብያለሁ። አፍ የለመደው ነገር ነው።

አክስቴ ሐጅ ሊሄዱ ነው ሲባል ግን ደነገጥኩ። እኔም ዘንድ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ምን እንደምመልስላቸው ግን አላውቅም ነበር።

አክስቴ የአባቴ እህት ናቸው። አባትና እናታችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ወስደው አሳደጉን። ቤታቸው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው ሽንኩርት የሚያለሙበት ጠባብ መሬት ነው። ውሃው እዚያው አፍንጫችን ሥር ቢሆንም በራሱ ወደ ችግኙ አይወጣም፤ የማወጣው እኔ ነበርኩ፣ ጠዋትም ማታም በጀሪካን። ወንድሜ ይቆፍራል፣ ያርማል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔም ስድስተኛ ክፍልን እስክጨርስ ሄጃለሁ። ሰባተኛ ያለው ከተማ ነበር። ምዝገባ ሲደርስ አክስቴ «ችግኙን ማን ያጠጣው?» አሉ። በዚያው ቀረሁ።

አልተከራከርኩም። ስናገር ድምፄ የሚሰማ ልጅ አልነበርኩም፤ ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም። አብረውኝ የተማሩት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው በውሃው ዳር መንገድ ሲመለሱ ድምፃቸውን ከሩቅ ስለምሰማ፣ ጀሪካኔን አስቀምጬ መንገዱ ዳር ካለው ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ተደብቄ እቀመጥ ነበር፤ እስኪያልፉ። አንዷ ስሜን እየጠራች ታልፋለች። አቤት ብዬ አላውቅም።

ወንድሜ ዛሬ አረብ አገር ነው። አክስቴን ሐጅ የሚልካቸው እሱ ነው። እሱ ከልጅነቱ «አንቺ» ይላቸዋል፣ እንደ እናት ይቀልድባቸዋል። እኔ ግን «እርስዎ» እላለሁ። አንድ ቤት አድገን፣ አንድ ትሪ በልተን፣ እንዲህ ሆንን። አንድ ጊዜ በስልክ ስለ ሰባተኛ ክፍል ላነሳለት ሞከርኩ።

«እሷ ባታነሳን ጎዳና ነበርን» አለኝ። «ሰው ያሳደገውን ይከሳል?»

ውሸቱን አልነበረም። ክረምት ላይ እህል ሲያጥር አክስቴ እንጀራውን ለእኛ ሰጥተው እሳቸው ቆሎ እየቆረጠሙ «ዛሬ ሆዴን አላሰኘውም» ሲሉ አይቻለሁ። ያን ጊዜ አምናቸው ነበር። በሌላ በኩል አግብቼ ውጫሌ ከተማ ከገባሁ በኋላ የተዋወቅኋት ከቤይሩት የተመለሰች ጎረቤቴ ታሪኬን ስትሰማ «ጨካኝ ናት፣ ደጇን አትርገጪ» አለችኝ። እሷ ስትለው ደግሞ ተናደድኩ። ቆሎውን አላየችም። ወንድሜ ሸንኮራው ውስጥ አልተቀመጠም። ሁለቱም በግማሹ ነው የሚፈርዱት፤ ሙሉውን የማውቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ መፍረድ አቃተኝ።

አክስቴ የመጡት ባሌ ገበያ በወጣበት ጠዋት ነው። ከአውቶቡስ ወርደው ባጃጅ ይዘዋል። ደጃፌ ላይ ሹፌሩን ሙዚቃውን ለምን እንዲህ ታስጮኸዋለህ ብለው ተቆጡት፤ ወዲያው ደግሞ ትዝ ሲላቸው አውፍ በለኝ አሉት። «ኧረ ብያለሁ! ገና ሳይሄዱ ሐጃ ሆኑ እኮ» አለና ሳቀ። ብዙ የሚዞሩበት ቤት ስላለ እንዲጠብቃቸው ነግረውት ገቡ።

የጅልባብ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ወንድሜ ተጠያየቅን። ሻይ ላፍላ ብል እንቢ አሉ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ አውፍ በይኝ» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ለማላውቀው ሽማግሌ የወጣው ቃል አልወጣ አለ። አክስቴ ጠበቁ። ሰው እንዲህ ሲዘገይባቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ቅንድብሽን ነው።»

ፍየሎች ችግኙን የበሉ ዕለት አክስቴ የወረወሩብኝ እንጨት ቅንድቤን ፈንክቶኝ ነበር። ጠባሳው አለ። እሳቸው ደሙን በነጠላቸው እንዴት እንደያዙ፣ ዓይኗ ጠፋ ብለው እንዴት እንደጮሁ ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ጠባሳውን ሰው ሲጠይቀኝ ወድቄ ነው እላለሁ። ቂም አልያዝኩበትም፤ ልጅ የማይመታበት ቤት የት ነበር? እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመውት ኖረዋል። እኔ የተሸከምኩትን ደግሞ ጭራሽ አያውቁትም።

«እሱን ድሮ ትቼዋለሁ» አልኩ። «አውፍ ብያለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ» ብለው ተነሱ። እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እሳቸው ቀሏቸው ይሄዳሉ፣ ወንድሜ ደስ ይለዋል፣ እኔም ጠርዜን እሰፋለሁ።

«እሱ ብቻ አይደለም» አልኩ።

ተመልሰው ተቀመጡ። ቀና ብዬ ማየት ስላቃተኝ ለጨርቁ ነው የነገርኩት። ስለ ሰባተኛ ክፍል ተናገርኩ፤ ስለ ሸንኮራው፣ ስሜን እየጠራች ስለምታልፈው ልጅ። እስከ መጨረሻው አላቆምኩም።

«ያኔ በሰፈራችን የማን ሴት ልጅ ነው የተማረችው?» አሉ አክስቴ ስጨርስ።

ጥቂት ነበሩ አልኳቸው።

«ሽንኩርቱ ባይኖር ወንድምሽም አይማርም፣ አንቺም አትበይም ነበር።»

አውቃለሁ አልኩ።

«ታዲያ ምን ላደርግ ነበር?»

እሱን አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። በእሳቸው ቦታ ሆኜ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ውሃው መውጣት ነበረበት፣ የሚያወጣ ደግሞ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

«ሐቅሽን ይዤ ልሂድ እንግዲህ?» አሉ። ለማስፈራራት አልነበረም። የተጨነቀ ሕፃን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ ሳጠጣ እሳቸው ሲኮተኩቱ የኖሩበት፣ ጣቶቹ የጎበጡ እጅ።

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ልክ ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም» አልኩ።

ሰው ያሳደገውን ይከሳል ወይ የሚለውን ጠበቅሁ።

«ልክ ነበርሽ በይኝ ብዬ መቼ መጣሁ?» አሉ። «ልክ ብሆን ምን ያስለምነኝ ነበር?»

ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አክስቴ መደቡን ተደግፈው ተነሱ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«እዚያ ስደርስ አላህን ምን ብዬ ልለምነው? የቅንድቡን አውቀዋለሁ። ይህን ንገሪኝ።»

«ከስድስተኛ አስቀረኋት ይበሉ።»

«ስድስተኛ ደርሰሽ ነበር?»

«ጨርሼ ነበር።»

«ወላሂ እኔ ሦስተኛ መስሎኝ» አሉ። «አንገትሽን ደፍተሽ ገብተሽ፣ ደፍተሽ እየወጣሽ ማን ይወቅሽ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ እንባም መጣ። ክንዳቸውን ይዤ እስከ ባጃጁ ሸኘኋቸው። «ስድስተኛን ጨርሳ ሰባተኛን ከለከልኳት» አሉ ለራሳቸው። ልክ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልክ ነው አልኳቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚይዙትን ሁሉ በቃል ነው የሚይዙት፣ እንደ ሱራ እየደጋገሙ።

ሹፌሩ ቀጥሎ ወደ የት እንደሆነ ጠየቃቸው። እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው ጠብቅ የሚል ምልክት ሰጡት፤ ከንፈራቸው አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር።