ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም

ዛሬ ዱራሜ ላይ ሥልጠናውን አቋርጬ ወጣሁ። አሠልጣኙ ለእኛ ለጥርስ ሐኪሞች "ጤነኛ ጥርስ አይነቀልም" የሚል ስላይድ ሲከፍት እንባዬ መጣ።

(ጓደኞቼ ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው ማስታገሻ ይዘው ተከተሉኝ። ሐኪም የበዛበት ቦታ እንዲህ ነው።)

አባቴም በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ጥርስ ያክም ነበር። ያኔ ሥልጠና ብርቅ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ልከውት ሲመለስ ይዞት የመጣው ትምህርት ይኸው ነበር፤ መንቀሉ ይብቃ፣ ጥርስ እናድን።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ዴታሞ ከፎንቆ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል። የፊት ጥርስ የሌለውን ሰው አይወስዱም የሚል ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ "ጋሼ፣ እባክህ እነዚህን የፊቶቹን ንቀልልኝ" ብሎ ለመነው።

አባቴ ተቆጣ። "ጤነኛ ጥርስ የወንድሜም ቢሆን አልነቅልም! ይልቅ ስትመለስ ትስቅበታለህ" አለው።

ዴታሞ ሄደ። ከእሱ የተመለሰልን መርዶው ብቻ ነው።

ወሬው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አናውቅም። አባቴን የሚበላውም ይኼ አለማወቁ ይመስለኛል።

ዛሬ ቤት ስገባ እንደ ልማዱ፣ "ምን አስተማሯችሁ?" አለኝ።

"ጥርስ ማዳን" አልኩት።

"የዴታሞንማ ጥርስ አድኜ ነበር" አለ።

እናንተ ቤትስ፣ ትክክለኛውን ነገር ሠርቶ ራሱን ይቅር ማለት ያቃተው ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ለአባቴ አነብለታለሁ።