ከሐኪም ደጅ የመለስኳት ልጄ

ይህን ለሚስቴም፣ አብረውኝ ለሚሰግዱ ወዳጆቼም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ዓረብኛውንም። መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ሸበትኩ፤ ያታለለኝ ሰው ግን የለም። ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴ ይነፋል።

ልጄ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ በጀመረች ሰሞን ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ ወጣት ነው። እሷን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ ብቻ፣ «አባት፣ የአጥንት ካንሰር ነው። አሁኑኑ ከታከመች እግሯ ሊተርፍ ይችላል» አለኝ።

እኔ ምን አሰብኩ? መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ መቼም እውነተኛ ዋጋ አይደለም ብዬ አሰብኩ። የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየሁና፣ ይሄ በማን ገንዘብ ተገዛ አልኩ። ዋጋ እንዳልተስማማው ሸማች ትቼው ወጣሁ። እሱም እስከ ኮሪደሩ ተከተለኝ። «አባት፣ እባክዎ አይዘግዩ!» በሆዴ ሳቅሁ። ሻጭ ከኋላ ከተከተለ ዕቃው አልሸጥ ብሎታል ማለት ነው!

«አባዬ፣ ምን አለህ?» አለችኝ ሰሚራ።

«ወለምታ ነው» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ሌላ ማንም አይደለም።

አብነት አካባቢ ወዳለ ወጌሻ ወሰድኳት። እሱ የፈለግሁትን ነገረኝ፤ በእሽት ይለቃታል አለ። ሲያሻት ጥርሷን ነክሳ፣ «አንተ ካልክ ልክ ነው፤ አንተን ማን ይሸውድሃል?» አለችኝ። ኮራሁ። ጩኸቷን እየሰማሁ ኮራሁ።

እብጠቱ ሲብስ ሌላ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ረፍዶ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ እግሯ ከጭኗ ተቆረጠ። ፀጉሯም ረገፈ። ያኔ እኩዮቿ ይዳሩ ነበር።

ዛሬ ድናለች። ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ትውላለች፤ የታመሙ ልጃገረዶች እየመጡ ያማክሯታል። «አይዟችሁ፤ እኔ ካልሲ ሳጥብ እንኳ ድካሙ ግማሽ ነው» ብላ ታስቃቸዋለች። ከዚያ፣ «ብቻ ፈጥናችሁ ታከሙ። የእኔ በጊዜ ሳይታወቅ ቀርቶ ነው» ትላቸዋለች። እኔ አጎንብሼ የተለካ ጨርቅ እንደገና እለካለሁ።

ያን ሁሉ ሰው ስጠራጠር፣ ራሴን አንድ ቀን እንኳ ለምን አልተጠራጠርኩም? ለልጄ ሳስቼ ነው እንዳልል፣ የሳሳሁት ለስሜ ነበር። አላወቅሁም እንዳልል፣ በአማርኛ ነው የተነገረኝ።

ሰሚራ፣ በጊዜ ታውቆ ነበር፣ ልጄ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።