ሕመሙን ያልደበቀው ወርዋሪ

በከተማችን፣ ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ካየኋቸው የቤዝቦል ወርዋሪዎች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ኤሊሂዮ ፖላንኮን ነው። ፈጣን ኳስ ስለ ወረወረ አይደለም፤ ፈጣንስ ብዙ አይተናል። የክርኑ ጅማት ተበጥሶ፣ ሐኪሞች ከእጅ አንጓው ሌላ ጅማት ወስደው ከተኩለት በኋላ ባደረገው አንድ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥር ወር ቆይቶ፣ ዶን ቶሪቢዮ ከሚባሉ ጣታቸው የተጣመመ የጥንት ኳስ ተቀባይ ጋር በየማለዳው ይለማመድ ጀመር። ወጌሻው የፈቀደለት በግማሽ ኃይል ሃያ አምስት ቀጥተኛ ውርወራ ብቻ ነው፤ ክርን ስለሚጎዳ በአየር ላይ የሚታጠፍ ኳስ ጨርሶ ክልክል። አሰልጣኙም፣ «ጥቅምት ላይ ውድድሩ ሲከፈት ክንድህ ደህና ከሆነ ቦታው ያንተ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሎታል።

እኛ ሥራ ፈቶቹ ደግሞ የሜዳው ግንብ ላይ ተደርድረን፣ የተጠበሰ ሙዝ እየበላን እናየው ነበር።

«ኤሊሂዮ! እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?»

«ተዉት እባካችሁ፣ ለአማቱ ሕፃን እያቀበለ ነው!»

«ያችን የምትታጠፈዋን አንዴ አሳየንና ወደየቤታችን እንግባ!» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ሦስተኛው ውርወራ ላይ ኤሊሂዮ ፈገግ አለ። ጣቶቹን በኳሱ ስፌት ላይ አዛወረና ወረወረ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ፣ ዶን ቶሪቢዮ ፊት ስትደርስ ድንገት ታጥፋ ወረደች። በጭብጨባ አቀለጥነው። እሱ ግን ክንዱን ከጎኑ ለጥፎ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አሉት ሽማግሌው ቀርበው።

«ነዘረኝ። እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ።»

«ዝም በል፣ ማንም አላየህም። ዛሬን አሳርፈው። መክፈቻው እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

በእኛ አገር ወርዋሪ ሕመሙን ከሚስቱ እንኳ ይደብቃል። እያመመው ይወረውራል፣ እያመመው ይስቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ክንዱ አልነሳም ይለውና ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ሰው ማመላለስ ይጀምራል። እንዲህ የሆኑ አራት ሰዎች በስም አውቃለሁ።

ኤሊሂዮ፣ «እርስዎ ግን አይተዋል፣ ዶን ቶሪቢዮ» አለና ጓንቱን አውልቆ በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ቤት ሄደ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ተከተሉት። የሆነውን ኋላ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

አሰልጣኙ ምሳ ላይ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ማንኪያውን ወርውሮ፣ «የሚታጠፍ ኳስ ማን ወርውር አለህ?» ብሎ ጮኸበት።

«ማንም። ማሳየት አምሮኝ ነው።»

ኤሊሂዮ ስለ ግንቡና ስለ እኛ አንዲት ቃል አላነሳም።

ሐኪሙ አዲሱ ጅማት ደህና መሆኑን፣ የተቆጣው ነርቭ ብቻ መሆኑን ነገረው። ሁለት ሳምንት ኳስ እንዳይነካ፣ ከዚያም ከአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት እንደገና እንዲጀምር አዘዘው። ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

በሁለት ሳምንቱ ሜዳው ላይ ተመልሶ ሲያቀብል አገኘሁት። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አንተ አፍህን ነው የከፈትከው። የወረወርኩት እኔ ነኝ። ይልቅ ያቺን ኳስ አቀብለኝ።»

በታኅሣሥ፣ ቡድናችን በሰባት ነጥብ እየተመራ ሳለ አሰልጣኙ ወደ ሜዳ አስገባው። ሦስት መቺ ገጠመ፤ አንዱ መታበት፣ ሁለቱን ከጨዋታ አስወጣ። አሰልጣኙ ወርዋሪው እስከሚቆምበት ጉብታ ድረስ ሄዶ፣ «ክንድህ እንዴት ነው?» አለው።

«ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። አንድ መቺ እጨምራለሁ።»

አሰልጣኙ ትከሻውን መታ አድርጎ ተመለሰ። ከሌሎቹ ወርዋሪዎች አንዱንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ መልሳቸውን ያውቀዋላ።