ከመኪና ወንበር የተሰፋ ጀግና

ሰፈሩ «ስፖንጅ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር ሲያለብስ የኖረ ሰው ስለሆነ ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ሳይኖር ታይቶ አያውቅም። ቁመቱ አጭር ነው። «ይሄ ሰውዬ ቆሞ ነው ተቀምጦ የሚሰፋው?» እያሉ መካኒኮቹ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሥራ ላለው ሰው ቀልድ ምኑ ነው!

በኋላ ግን በፋብሪካ ተሰፍቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣ የወንበር ልብስ ገበያውን ሞላው። ማንም ሹፌር ከሱቅ ገዝቶ ራሱ ያጠልቀዋል። ባለጋራዡ መጀመሪያ «ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል» አለ፤ ቀጥሎ «እስቲ ታገስ» አለ፤ በመጨረሻ የስፌት መኪናው የነበረበት ጥግ ላይ የጎማ መደርደሪያ አቆመ። ደህና ሁን እንኳ አላለውም፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ! ስፖንጅ የስፌት መኪናውንና የዓመታት ቁርጥራጩን በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ ገባ። ቤት ማለት እንግዲህ አንድ ክፍል ናት። ቁርጥራጩ ሲገባ አልጋው ወደ ግድግዳ ተገፋ፤ ጠረጴዛው ደግሞ ጨርሶ ወጣ።

ሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ በቦቲ ጫማ ውሃ ውስጥ ቆማ የሰው አንሶላ ስትጨምቅ ትውልና ማታ ስትመለስ ባሏን ቁርጥራጭ ሲደረድር ታገኘዋለች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትላለች። የምትለው ለድስቱ ነው፤ ድስቱ ግን ባል የለውም። ስፖንጅ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

እሱን የሚገድለው የሚስቱ ተረት አልነበረም፤ የልጁ ጥያቄ ነበር። ሚጣ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ ጉልበቱ ላይ ወጥታ «አባዬ፣ ዛሬ የማንን መኪና አለበስክ?» ማለት ልማዷ ነው፤ ሥራ ከፈታም በኋላ አልተወችም። እሱም «የአንድ ሐኪም»፣ «የአንድ ሙሽራ» እያለ ይፈጥርላታል። አንድ ቀን ግን «ልጆቹ አባትሽ ቤት ነው የሚውለው አሉኝ» ብላ አፍጥጣ አየችው። ምን ይበላት? ከጉልበቱ አውርዷት ቁርጥራጩን መደርደር ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሲኒማ ቤት የፎቁን ግማሽ የሚሸፍን ሥዕል ሰቀለ። «የጎህ ዘብ» የሚባል ፊልም ሊመጣ ነው። ጀግናው ደረቱ ቀይ፣ ትከሻው የተራራ ያህል፣ ፊቱ በብርማ ጭምብል የተሸፈነ፣ ካባው ከኋላው የሚውለበለብ ነው። ሌላ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው ጀግና ያያል፤ ስፖንጅ ያየው ግን ስፌት ነው። ገብቶ ሥራ አስኪያጁን አነጋገረ። ሥራ አስኪያጁም በር ላይ ቆሞ ከልጆች ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰው እንደሚፈልግ፣ ልብሱን ግን ሰውየው ራሱ ይዞ መምጣት እንዳለበት ነገረው። «ልብሱ ካማረ ሥራው ያንተ ነው። ከፊልሙ በኋላም ቋሚ እናደርግሃለን» አለው። አፉን ሞልቶ ነው ያለው።

ስፖንጅ ቤቱ ገብቶ ቁርጥራጩን ዘረገፈው። እንዲህ ዓይነት ደስታ ካየ ቆይቷል። ደረቱን ተሰብሮ ከተጣለ ሚኒባስ ወንበር ላይ በተገፈፈ ቀይ ሌዘር ሠራው። ትከሻዎቹ ሁለት የወንበር ራስ መደገፊያዎች ናቸው፤ ብረታቸውን ነቅሎ ገልብጦ ሲሰፋቸው ማን ያውቃቸዋል? ካባው የመኪና መሸፈኛ ሸራ ነው። ጭምብሉ መካኒኮቹ የሰጡት የተሰነጠቀ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው። ወገቡ ላይ የመኪና የደህንነት ቀበቶ ከነመቆለፊያው አደረገበት፤ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ የሚፈታው። ማስቲሽና ብርማ ስፕሬይ ብቻ ከሱቅ መገዛት ነበረባቸው፤ ለእሱም ሚስቱ ታክሲ ትታ ሰሞኑን በእግሯ ተመላለሰች።

ጫማ ሲቀር ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «አንቺዬ፣ ያ ቦቲሽ...» አላት።

«ውሃ ውስጥ በምን ልቁም?»

«ሥራውን እስክይዝ ነው። ከዚያ አዲስ እገዛልሻለሁ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለች። ግን አውልቃ ሰጠችው። በማግስቱ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ሥራ ገባች።

እንግዲህ ስህተቱ የመጣው ከሙያው ነው። ስፖንጅ በሕይወቱ ሰው ለክቶ አያውቅም። ወንበር የሚያለብስ ሰው የሚለካው ወንበሩን ነው። ስለዚህ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው፣ ሰው ከሚያክለው ሥዕል ፊት ሜትሩን ዘርግቶ ጀግናውን ከራስ እስከ እግር ለካው። አላፊ አግዳሚው ሳቀበት። ሚስቱም የተቆረጠውን ሌዘር አይታ «አንተዬ፣ ራስህን አትለካም እንዴ? ይሄ እኮ አንተን ሁለቴ ይውጣል» አለችው።

«ወንበር ሲለብስ የሚቀመጠው ሰው ይለካል እንዴ? የጎደለውን ስፖንጅ ይሞላዋል» አላት። እውነትም ሞላው። ቦቲው ውስጥ ተረከዙ ሥር፣ ሄልሜቱ ውስጥ፣ ክንዱ ላይ፣ ሆዱ ላይ ስፖንጅ ጠቀጠቀበት። የሚስቱ ቦቲ እንኳ ለእሱ ይሰፋዋል፤ ሴትዮዋ ከእሱ ትረዝማለች።

ልብሱ ሲያልቅ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ «ሌባ! ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እዚያ ቤት እንደዚያ ከተሳቀ ስንት ጊዜው! ስፖንጅ ለብሶት ሲወጣ ሚጣ አፏን ከፍታ ቀረች። ቀስ ብላ ቀርባ የቀበቶውን መቆለፊያ ተጫነችው። ቀጭ! ስፖንጅ ድምፁን አጎርንኖ «ቀበቶሽን እሰሪ!» አላት። ቀበቶውን መልሳ ቆለፈችው፤ እንደገና ተጫነች። «ቀበቶሽን እሰሪ!» በየቀኑ ጨዋታቸው ይሄ ሆነ። ልብሱን ካወለቀም በኋላ አንገቱ ሥር ገብታ «ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸታለህ» እያለች ትስቃለች። ትምህርት ቤት ሄዳም አወራች፦ አባቴ የጎህ ዘብ ነው። ክፍሉ በሙሉ ከአስተማሪያቸው ጋር ቅዳሜ ፊልሙን ሊያይ ነው ተባለ። ስፖንጅ ይህን ሲሰማ ደስታው ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር።

ልብሱን ይዞ ሲኒማ ቤት የሄደው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ቢሮው ጀርባ ለብሶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ዞረው፤ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው፤ ቀበቶውን ቀጭ አደረገው፤ እንደ ልጅ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው? በል እስቲ ተራመድ!»

ተራመደ። ስፖንጅ ላይ የቆመ ሰው ምን ይራመዳል? ፍራሽ ላይ እንደሚሄድ ሰው ተንገዳገደ። ሄልሜቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮበት በጎን ቀዳዳው ማየት ጀመረ።

«እስቲ አውልቀው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አወለቀው። ልብሱን ወለል ላይ ሲያኖረው ብቻውን ቆመ። ምን ያድርግ፤ ጥሩ ሠርቶታላ! ሥራ አስኪያጁ ልብሱን አየ፤ ከዚያ ስፖንጅን አየ፤ ከዚያ ደግሞ በሩ ጋ የቆመውን መለሎ ትኬት ቆራጭ አየ። «ና እስቲ ግባበት» አለው። ስፖንጁ ከውስጥ እየተጎተተ ወጣ፤ መሬቱ ላይ ተከመረ። ወጣቱ ሲለብሰው ልክክ አለበት። ካባው ከተረከዙ በላይ በልኩ ቀረ። ሥዕሉ ራሱ ከግድግዳው የወረደ መሰለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ?

«ወንድሜ፣ እጅህ ወርቅ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን እንግዲህ ሕዝቡ የሚያየው ቁመት ነው። የዕቃህን እንከፍልሃለን። ልብሱ ቢተረተር ደግሞ እንጠራሃለን።»

ስፖንጅ መቆጣት ነበረበት። ልብሱን በብብቱ ይዞ መውጣት ነበረበት። እኔ ብሆን አደርገው ነበር ይላል ሰው፤ አከራይ በሩን ያላንኳኳበት ሰው። እሱ ግን ብሩን ተቀበለ። በር ላይ ደርሶ ዞረና «ቦቲው የሚስቴ ነው» አለ።

«ባዶ እግሩን የሚሄድ ጀግና አየህ? እሱም ተከፍሎበታል» አለው ሥራ አስኪያጁ።

ሚስቱን ደጅ ጠርቶ ነገራት። እሷ ስለ ሥራው አልጠየቀችም፤ ስለ ልብሱም አልጠየቀችም። «ቦቲዬስ?» አለች። አብሮ መቅረቱን ሲነግራት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያገኘውን ብር ለቤት ኪራይ ሰጡት፤ ለሚጣ ግን እንዳይነግሯት ተስማሙ። ሆድ ይፍጀው። ስፖንጅ በየጠዋቱ ወደ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ይወጣል፤ የብረታ ብረት ተራ ሲዞር ይውላል። ማታ ሚጣ «አባዬ፣ ዛሬ ስንት ልጅ አቀፍክ?» ትለዋለች። «ብዙ» ይላታል። ቀኑ በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ ፊቷን ሲያይ ወኔው ይከዳዋል። አርብ ማታም እንዲሁ አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ትኬት ቆራጩ አንድ ሕፃን ሊያነሳ ቁጢጥ ሲል የልብሱ ጉልበት ተተርትሯል፤ መርፌ ይዘህ ቶሎ ና ተባለ። ስፖንጅ ልጆቹ ሳይደርሱ ጨርሼ እወጣለሁ ብሎ ሮጠ። ሲደርስ በሩ በሰው ተጨናንቋል። «ለማውለቅ ጊዜ የለም፤ በቆመበት ስፋው» አለ ሥራ አስኪያጁ። ስፖንጅ በራሱ ልብስ ፊት ተንበረከከ። ዓይኑ ሥር የሚስቱ ቦቲ ነበረ፤ የቀባው ብርማ ቀለም ጫፉ ላይ ተላልጧል። ክሩን በጥርሱ በጥሶ መስፋት ጀመረ።

ሌዘር ወፍራም ነው፤ አያስቸኩልም። ግማሹ ላይ ሲደርስ የልጆች ጫጫታ ሰማ። ቀና ሲል ሚጣ ከፊት ናት፤ የጓደኛዋን እጅ ይዛ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«የታል አባትሽ?» አለቻት ጓደኛዋ።

ሚጣ የተንበረከከውን ሰው አየች። ፀጉሩ ላይ ብናኝ አለ፤ መርፌ ይዟል። ከዚያ ወደ ላይ አየች። ስፖንጅ እዚህ ነኝ ሊል ፈልጎ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል ፈልጎ ነበር።

«ይሄ ነዋ!» አለች ሚጣና የረጅሙን ሰውዬ ጓንት ያዘች።

ልጆቹ ተንጫጩ። ሚጣ ቀበቶውን ተጫነች፤ ቀጭ አለ። ትኬት ቆራጩ ግራ ገብቶት ቀበቶውን መልሶ ቆለፈው። እንደገና ተጫነች።

«ምንም አላለሽም እኮ! ውሸታም!» አለ አንዱ ልጅ።

ስፖንጅ ራሱን ሳያነሳ፣ በዝቅተኛ ድምፅ «ቀበቶሽን እሰሪ በላት» አለ።

«እ?» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ቀበቶሽን እሰሪ በላት! እቀፋት!»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ከሄልሜቱ ውስጥ «ቀበቶሽን እሰሪ!» አለና አቀፋት። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አስተማሪዋ ፎቶ አነሳች። ስፖንጅ አቀርቅሮ ስፌቱን ቀጠለ፤ ቀዳዳው አልቆ ደህናውን ሌዘር ይወጋ ነበር። ቀና ሲል ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ማታ ሚጣ ጉልበቱ ላይ አልወጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየች።

«አባዬ፣ ልጆቹ አባትሽ ረጅም ነው አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

«ደግ አደረግሽ» አላት።

እናቷ ከልብስ ማጠቢያው መጥታ የራሰ እግሯን በፎጣ እያደረቀች ነበር፤ ሰምታለች፤ የዛሬውን ግን ለድስቱም አልተናገረችም። ሚጣ «ያ ሰውዬ ማስቲሽ አይሸትም» አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንን መኪና እንዳለበሰ፣ ስንት ልጅ እንዳቀፈ ጠይቃው አታውቅም።