እህታቸውን በቀበሩ ማግስት

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀን ሆነ። በባቡሩ ሥራ ጅቡቲ የገባን ቤተሰቦች ለሰፈራችን የውሃ ጉድጓድ የምናዋጣው ጉልበት ነበር። አሸዋ ሲሞላው፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲወጣ በሩን ሁሉ የሚያንኳኩት እሳቸው ነበሩ። እናቴን በቀበርን ማግስት የእኛንም በር አንኳኩ።

«እትዬ፣ ትናንት እኮ ነው የቀበርናት» አልኳቸው።

«እኔስ እህቴን አይደል የቀበርኩት? ለቀስተኛም ውሃ ይጠጣል። ተነሽ።»

እያለቀስኩ ስቆፍር አጠገቤ ሆነው አሸዋውን ይዝቁ ነበር። አንዴም አላባበሉኝም፤ ያን ቀን ጠላኋቸው።

ከሞቱ ወዲህ በር የሚያንኳኳ ጠፋ፤ ጉድጓዱም በአሸዋ ተደፈነ። ትናንት አላስችል ብሎኝ እኔው በየቤቱ ዞርኩ። ጎረቤቴ ሕፃን ልጇን ትኩሳት እንደያዘው ነገረችኝ።

«አዝለሽው ነይ» አልኳት።

መጣች። ሥራው እስኪያልቅ ቀና ብላ አላየችኝም።