ታጠብና እቀፍ ባይዋ እታለም ስመኝ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የስመኝ የእህት ልጅ መልሳ ደወለች። «እውነቴን ነው፣ አርፋለች» አለችኝ። አሁንም አላመንኩም። ትናንት ጠዋት እኮ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሽኩና ኣሌፍ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አይቻታለሁ። ያንን ትልቅ ቦርሳዋን ተሸክማ በእጇ ሰላም ብላኛለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ልቧ ቆመ። አራተኛ ፎቅ ወደምትኖር አንዲት እናት ቤት እየወጣች ነበር።

ለማታውቋት፣ ስመኝ የሰፈራችን ልጆች በእርሳስ እንዳይመረዙ የሚሠራው ፕሮግራም ራኬዜት፣ ማለትም አስተባባሪ ነበረች። አስተባባሪ ይበሏት እንጂ የምታስተባብረው ሰው አልነበራትም። የቢሮ አለቆቿን፣ ልቧ ደካማ መሆኑን እያወቁ፣ ስንት ጊዜ «አንድ ሰው ጨምሩልኝ» ብላ ለመነቻቸው። መልሳቸው ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነበር። ዛሬ ጠዋት እነዚሁ ሰዎች ፎቶዋን ለጥፈው «ውዷ ባልደረባችን» ብለው ጽፈዋል። ውድ ከነበረች አንዳችሁ ደረጃውን አብራችኋት ብትወጡ ምን ነበረበት?

አዎ፣ ተናድጃለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ታስታውሳላችሁ? ቢሮው ስመኝን ሳይጠይቅ ከዕብራይስጥ አስተርጉሞ ያደለንን። በትልልቁ «እርሳስ ልጅዎን ይመርዛል፣ ከቤትዎ ያስወግዱ» ይላል። እኛም አስወገድን። በዕብራይስጥ ዖፌሬት የሚሉት ብረት መሆኑን ማን ነገረን? የልጆቻችንን መጻፊያ ከየቦርሳቸው ለቅመን ጣልን። ጎረቤቴ አባባ ታከለ የልጅ ልጃቸውን እርሳስ፣ ባለቀለሙ ሳይቀር፣ በፌስታል ቋጥረው ቆሻሻ ውስጥ ጨመሩት። ልጆቹ ለምን ባዶ እጃቸውን እንደሚመጡ አስተማሪዎቹ ግራ ገባቸው። ወሬው ቢሮ ሲደርስ ተሳቀ አሉ። በራሳቸው ወረቀት አይደለም የሳቁት፣ በእኛ ነው።

ስመኝ አልሳቀችም። «እናንተ የጻፋችሁትን ነው ያደረጉት» አለቻቸውና ቦርሳዋን አንስታ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ለአዛውንቶቹ «ጥይት የሚሠራበት እርሳስ» ስትላቸው ወዲያው ገባቸው።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብላችሁ አትጽፉም ኖሯል?» አሏት አባባ ታከለ።

«እኔን ቢጠይቁኝማ እጽፍልዎት ነበር፣ አባባ» አለቻቸው።

እኔ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ኤመቅ ሳራ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ሰምታ ቤቴ መጣች። ገና ከሥራ መግባቴ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጄ ሊያት እንደልማዷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች።

«መልካሙ፣ ልጅቷን አውርዳት» አለችኝ፣ ወንበር እንኳ ሳትይዝ።

«ለምን?»

«የባትሪው ዖፌሬት ልብስህ ላይ ነው ያለው። ፀጉርህም ላይ አለ። ታጠብና እቀፍ።»

ቱግ አልኩ። የገዛ ልጄን እንዳላቅፍ የምትከለክለኝ ማን ሆና ነው? «እታለም፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅዪኝ ነው የመጣሽው?» ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ወጣች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አሁንም አስወጣኋት። በሦስተኛው ለሊያት የደም ምርመራ ቀጠሮ አስይዛ መጣችና ወረቀቱን ለሚስቴ ሰጠቻት። ከእኔ ጋር መከራከሩን ትታዋለች።

ውጤቱን ራሷ ነገረችኝ። «ደሟ ውስጥ አለ፣ መልካሙ» አለች። «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም። እሱን ሚስቴ ናት ያለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ልብሴን በር ላይ አውልቄ በቁምጣ ነው የምገባው። ሰፈሩ ሳቀብኝ። እሷንም «ታጠብና እቀፍ መጣችላችሁ» እያልን እናሾፍባት ነበር፤ አብራን ትስቃለች። ሊያት ደም ውስጥ ያለው እየቀነሰ ነው። አፏን ለመፍታት ግን ዘግይታለች። በዚሁ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ እስካሁን ቁርጡን የነገረኝ ሐኪም የለም።

ስመኝ በዚህ አላበቃችም። ቤት መታጠቡ አይበቃም፣ ጋራዡ ራሱ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ሊሠራልን ይገባል አለች። ሜናሄሉ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከዖሜር ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ነው የሚመጣው። ሄዳ ስትጠይቀው «ከሠራተኞቹ ያማረረ የለም» አላት። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈች፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም፣ እንድንፈርምበት። በምሳ ሰዓት በር ላይ ጠበቀችን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«ላስብበት» አልኳት እኔ። ልጄን ያተረፈችልኝን ሴትዮ፣ ላስብበት።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አስብበት እሺ፣ ግን ቶሎ አስብ» አለችኝ። ወራት አለፉ። የቢሮው ሰዎች ላይ የጮህኩትን ያህል በራሴ ላይም መጮህ አለብኝ፤ «ያማረረ የለም» የሚለውን ውሸት እውነት ያደረግሁለት እኔው ነኝ።

እታለም፣ ደብዳቤው ቦርሳሽ ውስጥ ተገኘ። ጠዋት ከእህትሽ ልጅ ተቀብዬ ፈረምኩበት። ለሥራ ጓደኞቼም አዞርኩት። ሁለቱ እምቢ አሉኝ፣ ሌሎቹ ፈረሙ። አሁን ወደ ቀብርሽ እየመጣን ነው። ነገ ሜናሄሉ ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፣ ካባረረኝም ያባርረኝ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። ሰምተሽኝ ቢሆን «ምንም አይደል፣ መልካሙ» ትዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ ምንም አይደል መባል አልፈልግም።

ደህና ሁኚ፣ እታለም ስመኝ።