በበሩ ግቡ

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አጎቴ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሲያትል አጠገብ ስካይዌይ ካለው ቤታቸው ጀርባ፣ ሣር ብቻ በሚበቅልበት ሰፊ ጓሮ፣ ለእኔና ለልጃቸው ቤት ሊሠሩልን አስበው ነበር። ፕላኑን የነደፉት እዚያው ሣሩ ላይ፣ በችካልና በገመድ ነው። ለየበሩም ክፍተት ትተዋል። ገመዱን ተሻግሮ የገባ ወዮለት!

«ሰው በግድግዳ ይገባል እንዴ? በበሩ ግቡ!»

ልጃቸው «አባዬ፣ ግድግዳ እኮ የለም!» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

የግንባታ ፈቃዱ ሳይደርስ ዐረፉ። ከሠልስቱ በኋላ ሣሩን ላጭድ ብዬ ችካሉንም ገመዱንም ነቅዬ ሰበሰብኩ። ሳሎን ይሆናል ያሉት ቦታ ላይ ቆሜ ሳለ ልጃቸው ውሃ ይዛልኝ መጣች። ባዶው ሣር ዳር ስትደርስ ቆም አለች፤ ከዚያም ዞራ በበሩ በኩል ገባች።

«ጎሽ!» የሚላት ግን አልነበረም።